ለብ ያለው ውሃ

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

አባባን ዛሬ ሰነውበር ማገገሚያ አስገባነው። ሻንጣውን ወንድሜ ፋዋዝ ተሸከመ፤ እኔ የመደገፊያውን ብረት ያዝኩ። አሳንሰሩ ውስጥ አባባ ዙሪያውን ቃኘና፣

«መይሱን፣ ይሄን እስር ቤት አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አለኝ።

«እስር ቤት አይደለም አባባ፤ የአረጋውያን ማገገሚያ ነው። የዳሌህ ስብራት እስኪጠገን ነው።»

«ግንቡን ሌላ ሰው ነው የሠራው» አለ ፋዋዝ። «እሷ የሠራችው ውሃውን፣ አየሩንና መብራቱን ነው።»

«እንግዲያው አየር ካጠረኝ የምከሰው እሷን ነዋ!»

ሳቅን። እኔ ግን ከቤቱ ነቅዬ ያመጣሁት እኔ መሆኔ ቆጨኝ። ደረጃ ላይ ብቻውን ወድቆ ካገኘሁት በኋላ ሌላ ምን ላደርግ? እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ። ፋዋዝ የሚኖረው ዘርቃ ነው፤ የሚመጣው አርብ አርብ ነው።

ደግሞ የትም አይደለም ያስገባሁት። የአማንን ሕንፃዎች ከነሆድ ዕቃቸው አውቃቸዋለሁ፤ እንደዚህ ያለ የለም። ጣሪያው ላይ ፀሐይ ውሃውን ታሞቃለች፤ ፀሐይ ስትጠፋ ምድር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያግዛታል። የዝናቡ ውሃ ተጠራቅሞ መጸዳጃ ቤቱን ያጥባል። ሰው የሌለበት ክፍል መብራቱ ራሱ ይጠፋል። የመጀመሪያው ዓመት የኃይል ፍጆታ ተለክቶ ካለፍን፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ የአረንጓዴ ሕንፃ ሰሌዳው በሩ ላይ ይለጠፋል። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝና ሥራም የሰጡኝ አለቃዬ ኢንጂነር ጋሌብ የገዛ እናታቸውን እዚያው ፎቅ ላይ አስገብተዋል። ለእናታቸው ያመኑት ቤት ለአባቴ ያንሳል?

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

አባባ ከመብራቱ ጋር ተጣልቷል። ዝም ብሎ ቁጭ ሲል ይጠፋበታል። እጁን እያወናጨፈ «አልሞትኩም! ገና አለሁ!» ይለዋል። የጎረቤቱ ክፍል ሃጃ ኑዝሃ በሩ ላይ ቆመው ይስቁበታል። የጂኦግራፊ መምህርት ነበሩ፤ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ዳማ ሲጫወቱ አባባን እንደ ሰነፍ ተማሪ ይቆጡታል።

«አቡ ፋዋዝ፣ በዚህ ጭንቅላትህ ነው ወታደር ቤት የኖርከው?»

«ሃጃ፣ እኔ እኮ ሾፌር ነበርኩ። ጭንቅላቱ ከኋላ ወንበር ነበር የሚቀመጠው።»

የኢንጂነር ጋሌብ እናት ኡም ጋሌብ ደግሞ ዳኛ ናቸው። ለማንም አያዳሉም፤ ሁለቱንም እኩል ይሰድባሉ። አባባ ቤቱ እያለ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ምናልባት ጥሩ ነው ያደረግኩት።

ዳሌውን ብርድ ሲገባው ይጠዘጥዘዋል። ሻወሩ ውስጥ መቀመጫ አለ፤ ሙቁ ውሃ ሥር ቆይት ብለህ ተቀመጥ አልኩት።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

በጥድፊያ። ኢንጂነር ጋሌብ ለአንድ ሆቴል ሥራ ወደ አቃባ ሊልኩኝ ነው። በየሳምንቱ ምልልስ። የሰነውበርን ክትትል ራሳቸው ይዘውታል፤ ሁሉ ነገር ከቢሮ ኮምፒውተራቸው ይታያል፣ ከዚያው ይታዘዛል። «አንቺ እዚያ ስትሄጂ አባትሽን ብቻ ጠይቂ፤ ማሽኖቹን ለእኔ ተዪልኝ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው።

ፀሐይ ከጠፋች ሰነበተች። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው እረፍት የለውም። ቢሮ ውስጥ ወሬው ሁሉ ይሄ ነው፦ በዚህ ብርድ ፍጆታው ካሻቀበ ሰሌዳው የለም።

አርብ፣ ዲሴምበር 19

ከአቃባ ገባሁ። አባባ ፊቱ ፈክቷል።

«ውሃችሁ አሁን ተሻሻለ» አለኝ። «መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ያቃጥል ነበር። አሁን ለብ ያለ ነው፤ የፈለግኩትን ያህል እቀመጥበታለሁ።»

እጄን ሰድጄ ሞከርኩት። እውነትም ለብ ያለ። ደመናው ነው፣ አልኩ በልቤ። ቢሆንም ለኢንጂነር ጋሌብ ደወልኩ።

«ኢንጂነር፣ የሙቅ ውሃው ጋን ውስጥ ያለው ስድሳ ዲግሪ ነው አይደል?»

ሳቁ። «መይሱን፣ ስድሳን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ እኔን?»

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት እያለን ሰሌዳው ላይ «60» ብለው በትልቁ ጽፈው፣ «ከዚህ በታች ያጠራቀማችሁት ሙቅ ውሃ ሙቅ ውሃ አይደለም፤ የተሕዋስያን ማደሪያ ነው» ያሉን እሳቸው ናቸው። እኔ ማን ሆኜ ነው የምጠይቃቸው?

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 24

ሃጃ ኑዝሃ አረፉ።

ቅዳሜ ዕለት ሳል ጀመራቸው፤ ሰኞ ሆስፒታል ገቡ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ነርሷ ኢምቲሳል ኮሪደሩ ላይ «ይሄ ብርድ ሽማግሌና አሮጊት ይለቅማል» ስትል ሰማኋት። አባባ የዳማውን ገበታ አጥፎ አልጋው ሥር ገፋው።

ቀብሩ ላይ ከእጅ ጣት የማይበልጥ ሰው። ኢንጂነር ጋሌብ መጥተው ነበር። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ከሰው ተለይተው ዝናቡ ላይ ቆመው ነበር። ጃንጥላ ይዤ ስጠጋቸው ደነገጡ። ለባዕድ አሮጊት እንዲህ የሚያዝን ሰው አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 27

ኢንጂነር ጋሌብ እናታቸውን ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ብርዱ እስኪያልፍ አጠገቤ ይሁኑ ብለው። አባባ እንደነገረኝ ኡም ጋሌብ እየተሳደቡ ነው የወጡት፤ አሳንሰሩ ተዘግቶም ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

ቀናሁ። እሳቸው ሥራቸው ከእኔ ሥራ ይበልጣል፤ እናታቸውን ግን ቤት ወሰዱ። እኔስ?

«እኔም ልውሰድህ?» አልኩት።

«ደረጃውን በማን ጀርባ ልወጣ?» አለኝ። «ደግሞ እዚህ ሙቅ ውሃ አለ። ተይኝ።»

ተውኩት። ደረጃው እውነት ነው። አቃባም እውነት ነው። ቢሆንም እንደ ኢንጂነር ጋሌብ ያለ ልጅ ብሆን መንገድ አላጣም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

አቃባ። ኢምቲሳል ደወለች። አባባ ያስላል። ከሱ ፎቅ ሌላ ሰውዬ ሆስፒታል ገብተዋል። ጉንፋን እየዞረ ነው አለች። ነገ እነሳለሁ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 8

በእናቴ ስም ጠራኝ። ግንባሩ እሳት። አምቡላንስ።

አርብ፣ ጃንዋሪ 9

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለበለዚያ ነገ የሆነ አይመስለኝም።

የሳንባ ሐኪሟ ዶክተር ለሚስ ትባላለች። የሽንት ምርመራውን ይዛ መጣችና፣ «አባትሽ የት ነው የሚኖሩት?» አለችኝ።

«ሰነውበር።»

ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከዚያ ሲመጡልኝ ሦስተኛዬ ናቸው።»

«ጉንፋን እየዞረ ነው አሉ…»

«ጉንፋን አይደለም። ይሄ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሊጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይራባል። ሻወር ሲከፈት ብናኙን ይተነፍሱታል፣ ሳንባ ይገባል። የዚያን ሕንፃ ውሃ የሚከታተለውን ሰው ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ፣ አልኩ።

በቀጥታ ሰነውበር። ምድር ቤት። የጋኑ መለኪያ ላይ አርባ አራት። የሚበላሽ መለኪያ አለ ብዬ የራሴን አወጣሁ፣ ቧንቧው ላይ አሰርኩት። አርባ አራት። ጠባቂ ሠራተኛውን ጠራሁት።

«ማን ነው ያወረደው?»

«ከቢሮ ነው የታዘዘው ኢንጂነር። ከኢንጂነር ጋሌብ ኮምፒውተር። አንቺ አቃባ የሄድሽ ሰሞን። እኔ መች መንካት ይፈቀድልኛል?»

ወደ ሰባ ከፍ አደረግኩት። ወደ ላይ ሮጥኩና ሻወሮቹ ሁሉ እንዲዘጉ ነገርኩ። ኢምቲሳል ፎጣ እንደያዘች ቀረች። «ሻወሩን? ከዚያስ በምን ላጥባቸው?» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ፎጣውን ጣለችው።

ለኢንጂነር ጋሌብ ደወልኩ። «ረሳሁት» አሉኝ። ፍጆታው እንዲወርድ ለጥቂት ቀን ብዬ ዝቅ አድርጌው ረሳሁት፣ አሉ። «አንድ ሺህ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አለ መይሱን። ረሳሁት።» ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

ሰው ይረሳል። እኔም እረሳለሁ። ያን ቀን ውሃውን በእጄ ነክቼው የለም እንዴ? ነክቼው፣ ለብ ያለ ነው ብዬ፣ በአንዲት ቀልድ ስልኩን ዘጋሁ። ምድር ቤት ለመውረድ አሳንሰሩ እዚያው ነበር።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

አባባ በኦክሲጅን ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ያውቀኛል።

ኢንጂነር ጋሌብ ብርቱካን ይዘው መጡ። ልጠው፣ ከፋፍለው፣ አባባ አፍ ውስጥ በእጃቸው አኖሩለት። የአባባን እጅ ሳሙ። ኮሪደሩ ላይ ወሰዱኝና፣

«ዶክተሯ ለጤና ሚኒስቴር አሳውቃለች። ናሙና ሊወስዱ ይመጣሉ» አሉኝ። «ውሃውን ግን አሙቀነዋል፣ ቧንቧውን አጥበነዋል። ችግሩ ተፈትቷል። አሁን አርባ አራት ነበር ካልን ቤቱ ይዘጋል። እነዚያ ሁሉ አረጋውያን በዚህ ብርድ የት ይወድቃሉ?»

«ከጠየቁኝስ?»

«አላስታውስም በይ። አላስታውስም ማለት መዋሸት አይደለም፤ ድንጋጤ ላይ ነበርሽ።»

ትክክል ይመስለኛል። አረጋውያኑ የት ይወድቃሉ? ትክክል ነው። ሠርቶ ያሳየኝ ሰው፣ ማስተማር ብቻ ሳይሆን ሥራም የሰጠኝ ሰው በአንድ መርሳት ሊጠፋ አይገባም። ይመስለኛል።

ለፋዋዝ ምንም አልነገርኩትም። ሳንባ ምች ነው ብዬዋለሁ። እሱም እውነት ነው።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 18

ኡም ጋሌብ አባባን ሊጠይቁ መጡ። የልጅ ልጃቸው በር ድረስ አድርሷቸው ሄደ። አልጋው ዳር ተቀምጠው ተነፈሱና፣

«አቡ ፋዋዝ፣ ተነስ እንጂ! አሁን ማንን ልስደብ?» አሉት።

አባባ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እኔ እኮ ትቼህ መሄድ ፈልጌ አይደለም» ቀጠሉ፤ ወደ እኔም ዞር አሉ። «ያ ልጄ ነው! ኑዝሃን የቀበርን ዕለት ማታ ይደውልና ‹እማዬ፣ ሻወር ውስጥ እንዳትገቢ። ፊትሽንም ከታሸገ ውሃ ታጠቢ። ሰሞኑን መጥቼ እወስድሻለሁ› አይለኝ መሰለሽ? ለምን ብለው፣ ውሃው ለሳንባ ጥሩ አይደለም አለኝ። ውሃና ሳንባን ምን አገናኛቸው? ዓሣ ነኝ እንዴ?»

ሳቁ። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል፤ አፌ ተከፍቶ እንደነበር አውቃለሁ።

«ኑዝሃን የቀበራችሁ ዕለት ነው አክስቴ?»

«አዎ፣ ያን ዕለት ማታ። ልብሱ እንኳ ገና አልደረቀም ነበር መሰለኝ፣ በስልኩ ሲያስነጥስ ሰማሁት። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ነጣ? ቁርስ አልበላሽም?»

በላሁ አልኳቸው። ውሃ ቀዳሁላቸው። መኪና ድረስ ደግፌ ሸኘኋቸው። ጉንጬን ሳሙኝ።

ስመለስ አባባ ዓይኑ ገልጧል። በኦክሲጅን ጭምብሉ ውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ኡም ጋሌብ ላይ እንዳትጮሂ» አለኝ። «እሳቸው ምንም አያውቁም።»

ሰምቷል። ሁሉንም ሰምቷል።

ጋሌብ አልረሳም። ቀብሩ ላይ ዝናብ እየመታው የቆመው ለሃጃ ኑዝሃ አዝኖ አልነበረም። ገብቶታል። ስድሳን ያስተማረኝ ሰው ነው፤ እንዴት አይገባውም? ገብቶት ቤቱ ሄደ፣ ለእናቱ ደወለ፣ ከዚያም መጥቶ ወሰዳቸው። አባቴ በሚቀጥለው በር ነበር። አባቴን በዚያው አሳንሰር በር ላይ ሰላም ብሎት አልፏል። ከዚያ በኋላ አባቴ ስንት ጊዜ ታጠበ?

ብርቱካን አጎረሰው።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 19

ቢሮው ገባሁ። በሩን ዘጋሁ።

«እናትህን አወጣህ።»

በ‹አንተ› ጠርቼው አላውቅም። ቀና አለ። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ያኔ የቀረችኝ ትንሽ ተስፋ ሞተች።

«ጠረጠርኩ እንጂ አላወቅኩም» አለ። «መጠርጠር ማወቅ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አላሞቅከውም? አንድ ቁልፍ ነው።»

«በዚያ ሰዓት ከፍ ባደርገው ማሽኑ ላይ ይመዘገባል። ሰው በሞተ ማግስት ለምን ከፍ አደረግከው ይሉኛል። ልክ ጥፋተኛ ነኝ እንደማለት ነው። ትንሽ ቀን ልቆይ፣ ሌላ ካልታመመ ግምቴ ስህተት ነው ብዬ…»

«ሌላ እስኪታመም ጠበቅክ።»

«እንደዚያ አይደለም!»

«እንዴት ነው? አባቴ እዚያ ነበር። እናትህን ለማውጣት ጥርጣሬው በቅቶሃል፤ ለአባቴ ግን አልበቃህም።»

እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሽማግሌ መሰለኝ። «እናቴ እኮ ናት፣ መይሱን» አለ። «እናቴ ናት።»

እንዲገባኝ ለምኖ ነው የተናገረው። የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው፤ ቅን በሆነ ድምፅ ነው የተናገረው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 21

አባባ ጎህ ሲቀድ አረፈ። ፋዋዝ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 25

የጤና ሚኒስቴር ሰዎች ጠየቁኝ። አርባ አራት አልኳቸው። ማን እንዳወረደው ተናገርኩ። መቼ እንዳወቀ ተናገርኩ። አንደኛው ሁለቴ አስደገመኝ። ወደ ዐቃቤ ሕግ ተመራ፤ እዚያም እመሰክራለሁ።

ቢሮ ዕቃዬን ለመውሰድ ገባሁ። ማንም ቀና አላለም። ደረጃው ላይ ስወርድ ከኋላዬ፣ «ያጎረሳትን እጅ ነከሰች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ልደቱን አብረን ያከበርንለት ልጅ ነው።

ሰነውበር ባዶ ነው። አረጋውያኑን ለሌሎች ቤቶች አከፋፍለዋቸዋል፤ የትም አልወደቁም። ኢምቲሳል አንዷን አሮጊት አቅፋ መኪና ስታሳፍር አየኋት። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ብርድ ነው ስል ነበር» አለችኝ።

አርብ፣ ጃንዋሪ 30

የጋሌብ ዘመዶች ሽማግሌ ላኩ።

ከሶላት በኋላ የአባባ ሳሎን እስከ በሩ ሞላ። ጋሌብ ራሱ እንደ ወጉ አልመጣም፤ ታናሽ ወንድሙ አለ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ነጭ ጢም፣ ከትከሻቸው ላይ ጥቁር ካባ። በከተማው የተከበሩ ናቸው፤ ስንቱን ደም አብርደዋል ይባላል። ፋዋዝ ቡናውን በእጁ ሰጣቸው። ተቀብለው ሳይቀምሱ ፊታቸው አኖሩት። የተቀሩትም አኖሩ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ።

«ፋዋዝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ «አባታችሁ አባታችን ነበሩ። ቀኑ ከአላህ ነው፤ ሰበቡ ግን የሰው እጅ ሆነ። ጋሌብ ሥራ በዝቶበት አንድ ነገር ረሳ። የሰው ልጅ ይረሳል። እናንተ ደግሞ ይቅር የማለት ቤት ናችሁ። ያመጣንን ጉዳይ ሳትሰጡን ይህን ቡና አንጠጣም።»

የፋዋዝ ትከሻ ሲረግብ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። አውቀዋለሁ። አምና የአክስታችንን ልጅ በመኪና የገደለውን ሰው በአንድ ስኒ ቡና ምረነዋል፤ ሰውየው እስከ ዛሬ በበዓል ይጠይቀናል። ክፉ ወግ አይደለም። ፋዋዝ አፉን ሊከፍት ነው። ምንም የማያውቀው ደግሞ እኔ ስላልነገርኩት ነው።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

«መይሱን!» አለ አጎቴ። «ወደ ውስጥ ግቢ!»

«እገባለሁ አጎቴ። አንድ ነገር ተናግሬ እገባለሁ።» ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «የተከበሩ አባት፣ ወንድሜ ይቅር ቢል መብቱ ነው። እርስዎ ግን ጋሌብ ረሳ ብለው ነው የመጡት። አልረሳም። የመጀመሪያዋ ሟች ሃጃ ኑዝሃ በተቀበሩ ዕለት ማታ ለእናቱ ደውሎ በዚያ ውሃ እንዳትታጠቢ ብሏቸዋል። ከዚያ አወጣቸው። ውሃውን እንዳለ ተወው። አባቴ የታመመው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሽማግሌው አጠገባቸው ወደተቀመጠው ወደ ጋሌብ ወንድም ቀስ ብለው ዞሩ።

«እውነት ነው?»

ወንድሙ ምንጣፉን ያያል።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«እናታችን ናት እንግዲህ…» አለ።

ሽማግሌው ካባቸውን ሰብስበው ተነሱ፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ፋዋዝ ደገፋቸው። «ይሄን አልነገራችሁኝም» አሉ፣ አብረዋቸው ለመጡት ሰዎች። «የረሳ ሰው ነው ብላችሁ ነው ያመጣችሁኝ።» ለፋዋዝ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ስኒዎቹ እንደ ሞሉ ቀሩ።

ፋዋዝ ሳሎኑ መሃል ቆሞ ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

«አባባ ከመሞቱ በፊት ነው ያወቅኩት።»

«ስንቀብረው ታውቂ ነበር። ለቅሶ ላይ ስንቀመጥ ታውቂ ነበር። ያ ሰውዬ መጥቶ አቅፎኝ አለቀሰ፤ ታውቂ ነበር!»

«ሄደህ እንዳትገድለው ፈርቼ ነው።»

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ምሳውን አልበላም። ስልኩን አያነሳም። ወንድሜንም በገዛ እጄ አጣሁት መሰለኝ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2

ዛሬ መሰከርኩ። ከዚያ በፊት የሆነውን ነው መጻፍ የምፈልገው።

ጠዋት ታክሲ ልጠራ በሩን ስከፍት የፋዋዝ መኪና ሞተሩ በርቶ ቆሟል። ከዘርቃ በዚያ ዝናብ መጥቷል። ገባሁ። ብዙ ከሄድን በኋላ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣

«አስረጂኝ» አለኝ። «እንደ ሕፃን አድርገሽ አስረጂኝ። ውሃ እንዴት ሰው ይገድላል? አባባ አልጠጣውም እኮ።»

አስረዳሁት። ውሃው በጣም ሲሞቅ ተሕዋሲው እንደሚሞት፣ ለብ ሲል እንደሚራባ። መጠጣቱ እንዳልሆነ። ሻወሩ ሲከፈት በዓይን የማይታይ ብናኝ እንደሚነሳ፣ የተዘጋ ቤት ሲሆን ደግሞ አየሩ ውስጥ እንደሚቆይና ሰው እንደሚተነፍሰው።

«የተዘጋ ቤት ሲሆን» አለ።

«አዎ።»

መኪናውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አወጣና አቆመ። ከኋላችን ያለው አውቶቡስ ጡሩምባውን እያስጮኸ አለፈን።

«አርብ አርብ የማጥበው እኔ ነበርኩ» አለኝ። «‹በቃኝ ልጄ› ሲለኝ ‹ትንሽ ቆይ፣ ይሙቅህ› እለው ነበር። በሩን እዘጋው ነበር መይሱን። ሙቀቱ እንዳይወጣበት። ፎጣ ከበሩ ሥር እወትፍ ነበር።»

ያ ጀግና ወንድሜ መሪው ላይ ተደፋ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ እጄን አኖርኩበት። አንተ አላጠፋህም ልለው ፈለግኩ፤ እኔ ለራሴ ያላመንኩትን ቃል ለሱ እንዴት ልስጠው? እጄን እዚያው ተውኩት። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል።

ብዙ ቆይቶ ቀና አለ። በሻርፑ ፊቱን ጠረገ።

«እኔንስ ይሰሙኛል?» አለኝ። «በሩን መዝጋቴን፣ ፎጣውን… ይሄን ብነግራቸው ይጠቅማል?»

«ይጠቅማል።»

«አርብ አርብ መሆኑንም?»

«እሱንም። ቀኖቹን ይፈልጓቸዋል። ያ ሰው ካወቀ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን አርብ ይፈልጉታል።»

ጥርሱን ነክሶ ማርሹን አስገባ። ዐቃቤ ሕጉ ያለበት ፍርድ ቤት በር ላይ ስንደርስ ጃንጥላ አልነበረንም። ጃኬቱን አውልቆ በሁለታችን ራስ ላይ ዘረጋው፤ ደረጃውን አብረን ወጣን።